ከድስት ማጠቢያ ወደ ፊት መታጠቢያ

ቻይናዊው ባለቅኔ ሉ ዮው በ1125 ተወልዶ በ1210 የሞተ፣ ከዘጠኝ ሺህ በላይ ግጥሞቹ እስከ ዛሬ የተረፉለት ሰው ነው። በስተርጅናው ያየውንና የሰማውን እየለቃቀመ በጻፈው የማስታወሻ መጽሐፉ ውስጥ ግን ከቅኔም ከቤተ መንግሥት ወሬም የራቀች አንዲት የቤት ውስጥ ብልሃት አስፍሯል፤ የቀለም ድንጋይ በምን ቢታጠብ እንደሚሻል። የዚያ ዘመን ጸሐፊ ቀለሙን በጠርሙስ አይገዛም ነበር። ደረቁን የቀለም ቁራጭ በለስላሳ ድንጋይ ላይ ውሃ ጠብ እያደረገ ይፈጨዋል፤ ብሩሹንም ከዚያ ያጠቅሳል። ሲያድር የተረፈው ቀለም ድንጋዩ ላይ ይደርቃል። ካልታጠበ የነገውን ቀለም ያበላሻል፤ በሻካራ ነገር ከተፈገፈገ ደግሞ ብዙ ብር የወጣበት የድንጋዩ ገጽ ይጫራል። መፍትሔው የደረቀ ሉፋ ነው ይላል ሉ ዮው፤ እድፉን ጠርጎ ያወጣል፣ ድንጋዩን ግን አይጎዳም።

የዚህ ትረካ ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሉፋ ከዱባና ከኪያር ወገን የሆነ፣ ዳስ ላይ የሚሳብ ሐረግ ነው። መነሻው ሞቃታማው የደቡብ እስያ ምድር ነው። ፍሬው ለጋ ሳለ ተከትፎ ወጥ ውስጥ ይገባል። ሐረጉ ላይ ከተተወ ግን ሥጋው ይደርቃል፣ ልጣጩ ይሰባበራል፤ ከውስጥ የሚቀረው ቀድሞ ውሃና ምግብ ያመላልሱ የነበሩ ጭረቶች እርስ በርስ ተጠላልፈው የሠሩት መረብ ነው። ጥቋቁር ዘሮቹ ተራግፈው ከወጡ በኋላ፣ ዛሬ በመዋቢያ ሱቆች «ተፈጥሯዊ ስፖንጅ» ተብሎ የሚሸጠው ዕቃ ፋብሪካ ሳያይ ተሠርቶ አለቀ ማለት ነው።

ከሉ ዮው አራት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1596፣ ሐኪሙ ሊ ሺዠን ዕድሜውን የጨረሰበት ግዙፍ የመድኃኒት መጽሐፍ ታተመ። ሊ ራሱ መጽሐፉ ታትሞ ሳያይ ሞቷል። በመጽሐፉ ከተዘረዘሩት 1,892 የመድኃኒት ዓይነቶች አንዱ ሉፋ ነው። ሊ እንደሚለው ይህ ተክል ከታንግና ከሶንግ ነገሥታት ዘመን በፊት ወሬው እንኳ አልተሰማም፤ በእሱ ዘመን ግን ከሰሜን እስከ ደቡብ ያልተተከለበት ቦታ የለም። ስላረጀው ፍሬ ሲናገር ግን ብዙም አያደንቅም። ውርጭ መትቶት ሲደርቅ ጫማ ውስጥ ይነጠፋል፣ ድስት ይታጠብበታል፤ የገጠር ሰዎችም በዚሁ በድስት አጣቢነቱ ይጠሩታል። የመረቡ ሙያ ይኸው ነበር፤ ጫማና ድስት። በድስት ማጠቢያ ፊቱን የሚያሽ ሰው የለምና ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ አይደንቅም ነበር።

ሐረጉ ግን ወደ ምዕራብም ተጉዞ ነበር። ጀርመናዊው ሐኪም ዮሐን ቬስሊንግ ጣሊያን ውስጥ በፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ የአካል ጥናት መምህር ከመሆኑ በፊት ግብፅ ውስጥ ኖሯል። በ1638 ባሳተመው የግብፅ ዕፅዋት መጽሐፍ ሉፋን ለአውሮፓ አንባቢ አስተዋወቀ፤ አውሮፓውያንም የዐረብኛውን ስም እንዳለ ወሰዱት። ይሁንና በካይሮ የሕዝብ መታጠቢያ ቤቶች ሰው የሚታሽበት ጭረት ሉፋ ብቻ አልነበረም። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሌን ስለ ግብፃውያን አኗኗር በ1836 ባሳተመው መጽሐፍ የመታጠቢያ ቤቱ አገልጋይ ደንበኛውን በሳሙና አረፋ የሚያሽበትን የተምር ዛፍ ጭረት ይገልጻል። ይህ ሁሉ የገላ ነገር ነው። ሻካራ ጭረት ለጀርባና ለተረከዝ ሲመች የዐይን ሽፋሽፍት አካባቢ ምን እንደሚያደርግ የሞከረ ያውቀዋል።

እስቲ ወደ ጃፓን እንሻገር። የፊቱ ታሪክ የተሠራው እዚያ ነውና።

ሉፋ ከቻይና ወደ ጃፓን ገብቶ ሄቺማ ተባለ። በኤዶ ዘመን፣ ማለትም ከ1603 እስከ 1868 ባሉት የሾጉኖች የአገዛዝ ዓመታት፣ ጃፓናውያን በዚህ ሐረግ ላይ ቻይናውያን ብዙም ያልደከሙበትን ነገር አተኩረው ያዙ፤ መረቡን ሳይሆን ውሃውን። መኸር ሲገባ ሐረጉ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ ይቆረጣል። ከሥሩ በኩል የቀረው ጉቶ ጎንበስ ተደርጎ ጫፉ ጠርሙስ አፍ ውስጥ ይገባል፤ አፉም አቧራና ነፍሳት እንዳይገቡበት ይሸፈናል። ሥሩ ሐረጉ መቆረጡን አያውቅም፤ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ወደ ላይ መላኩን ይቀጥላል፤ ውሃውም ጠብ ጠብ እያለ ጠርሙሱን ይሞላል። ከአንድ ተክል ሊትር የሚያልፍ ይገኛል። በተለይ በመኸሯ ሙሉ ጨረቃ ሌሊት የተቀዳው የላቀ ነው ይባል ነበር። ሴቶች ይህን ውሃ ፊታቸውን ይቀቡታል፤ ሳል የያዘው ይጠጣዋል። እናም በጃፓን ከሉፋ ተክል ፊት የደረሰው ውሃው ነበር፤ ጭረቱ በገላና በድስት ላይ ቀረ።

ፊት ላይ የሚያርፈው ስፖንጅ የመጣው ከሌላ ተክል ነው፤ መንገዱም በማእድ ቤት በኩል ነበር።

ተክሉ ኮንጃክ ይባላል። የእኛው ጎደሬ ቤተ ዘመድ ነው። ከመሬት አንድ ግንድ የሚመስል የቅጠል ዘንግ ብቻ ያወጣል፤ ከሥሩ ደግሞ ክብ፣ ቡናማ፣ ከባድ ኮረት ይቋጥራል። ኮረቱ ለገበያ እስኪደርስ እንደ ልማዱ ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ ውርጭ ስለማይችልም ክረምት በመጣ ቁጥር ተቆፍሮ ቤት ገብቶ፣ በጸደይ እንደገና ይተከላል። ጥሬውን የቀመሰ ሰው አፉና ጉሮሮው ይቃጠላል፤ ጎደሬ በደንብ ሳይበስል የበላ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፣ ምክንያቱም አንድ ነው፣ ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባሉ መርፌ መሰል ቅንጣቶች። የዚሁ ወገን የሆነ ተክል በአገራችንም ይበቅላል፤ ኮንሶዎች ሥሩን መርዙን የሚያበርድበትን አሠራር አውቀው ይመገቡታል።

ቻይናውያንና ጃፓናውያን መርዙን ያሸነፉት በአመድ ውሃና በኖራ ነው። የተፈጨው ኮረት በውሃ ይበጠበጣል፣ ኖራ ይጨመርበታል፣ ይቀቀላል፤ ያን ጊዜ ይረጋና የሚንቀጠቀጥ ጠንካራ ቁራጭ ይሆናል። ከመቶ 97 እጁ ውሃ ነው። ውሃውን አንቆ የያዘው ግሉኮማናን የተባለ፣ ሆድ የማይፈጨው የተክል አሰር ነው። የዚህ ርጎ ባሕርይ አንድ አስገራሚ ነገር አለው፤ ኖራ አንዴ ካረጋው በኋላ ቢያፈሉትም አይቀልጥም። በኋላ ፈላ ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚወጣ ስፖንጅ ሊሆን የቻለውም ለዚህ ነው።

ኮንጃክ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በመድኃኒትነት ወደ ጃፓን እንደገባ ይነገራል። ነገር ግን ለሺህ ዓመት ያህል አንድ ችግር አላላውስ ብሎት ኖረ። ኮረቱ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፣ ብርድ ይገድለዋል። ስለዚህ በተቆፈረበት ወራት፣ በተቆፈረበት ሰፈር ካልተበላ ከንቱ ነው። ይህን የፈታው ናካጂማ ቶኤሞን የተባለ ገበሬ ነው። በ1745 በሚቶ ግዛት፣ ዛሬ ኢባራኪ በሚባለው አውራጃ ሰሜናዊ ተራሮች ውስጥ ተወለደ። እንደሚተረከው በእርሻ መሣሪያ ተቆርጦ የተጣለ ኮረት አገኘ፤ የተቆረጠው ፊቱ እንደጠበቀው አልበሰበሰም፣ ነጭ ሆኖ ደርቋል። እሱም ኮረቱን በስሱ እየከተፈ በፀሐይ አደረቀ፣ ከዚያ ፈጨው። በ1776 ዱቄቱ እውን ሆነ። ዱቄት ደግሞ አይበሰብስም፣ በፈረስ ጭነት ይሄዳል፣ በፈለጉት ወር በውሃ ተበጥብጦ ይረጋል። የሚቶ ግዛት በዚህ ዱቄት ንግድ ከበረ። በ1846 ከኮንጃክ ብቻ የሚሠሩ መቶ ምግቦችን የሚዘረዝር የማእድ ቤት መጽሐፍ ታተመ። ዳይጎ በምትባለው ከተማ ዛሬም ለቶኤሞን የቆመለት የኮንጃክ ቤተ መቅደስ አለ። ገበሬ ባገኘው ብልሃት ቤተ መቅደስ ሲሠራለት ደስ ይላል፤ ብዙ ጊዜ ቤተ መቅደሱ የሚሠራው ለግብር ሰብሳቢው ነውና።

በነዚሁ ተራሮች፣ በኤዶ ዘመን፣ ከምዕራብ ጃፓን ከታምባ የመጣ ሌላ ጥበብ ሥር ሰደደ። ስፖንጁ የተወለደው ከዚህ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ወቅቱ የዓመቱ ቀዝቃዛ ወራት ነው። ሩዙ ታጭዶ ማሳው ባዶውን ቀርቷል። ገበሬዎቹ ማሳው ላይ ጭድ ይጎዘጉዛሉ። ማእድ ቤት የረጋውን ኮንጃክ በስሱ ይቆራርጡና ቁራጮቹን አንድ በአንድ፣ ሳይደራረቡ፣ ጭዱ ላይ ይደረድራሉ። ወገብ የሚያጎብጥ ሥራ ነው፤ ቁራጮቹ በሺህ ይቆጠራሉ። ከዚያ ውሃ ይረጩባቸዋል። ሌሊት ውርጩ ይመጣና እያንዳንዱን ቁራጭ በረዶ ያደርገዋል፤ ቀን ፀሐይ ትወጣና ታቀልጠዋለች። ማታ እንደገና ውሃ ይረጫል፣ እንደገና በረዶ ይሆናል፤ በማግስቱ ደግሞ ይቀልጣል። አንዱ ፊት ሲነጣ ወደ ሌላው ይገለበጣል። ይህ ሃያ ቀን ያህል ይደጋገማል። በረዶ ሊዘንብ ሲል ወይም ሙቀት ድንገት ሲገባ የወሩ ልፋት ገደል ይገባል።

በየሌሊቱ በቁራጩ ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው። ውሃው ወደ በረዶ ሲለወጥ ይሰፋል፣ በረዶውም ግሉኮማናኑን እየገፋ ወደ ዳር ይሰበስበዋል። ቀን ውሃው ቀልጦ ሲፈስ የተሰበሰበው አሰር ወደ ቀድሞ ቦታው አይመለስም፤ በረዶው የነበረበት ቦታ ባዶ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ከሃያ ሌሊት በኋላ ያ ተንቀጥቃጭ ርጎ ክብደት የሌለው፣ ነጭ፣ ደረቅ ቅጠል ይሆናል፤ መላ አካሉ ቀዳዳ ነው። ለዓመታት ሳይበላሽ ይቀመጣል። ሲፈለግ ውሃ ውስጥ ይነከርና ያብጣል፣ በአኩሪ አተር ስጎ ይቀቀላል፣ ስጎውንም ሁሉ ይመጠዋል። ምግብ ነው እንግዲህ። ነገር ግን ይህን በውሃ የራሰ ነገር በጣቱ የጫነ ሰው፣ ሳህን ላይ ከማቅረቡ በፊት ሌላ ሥራ ሊያስብለት ይችላል፤ ለስላሳ ነው፣ ውሃ ይይዛል፣ የሚጭር ጭረት የለበትም።

ዛሬ ስፖንጁን የሚሸጡ ድርጅቶች «ጃፓናውያን ለ1500 ዓመት ፊታቸውን ሲያጥቡበት የኖሩ» ሲሉ ይሰማል። አትመኑ። ያ ቁጥር የተክሉ ነው፤ ኮንጃክ መድኃኒት ሆኖ ጃፓን ከገባበት ጊዜ የሚቆጠር። ያለ ውርጭ ስፖንጅ የለም፤ ኮንጃክን በማሳ ላይ በውርጭ ማድረቅ ደግሞ የኤዶ ዘመን ሥራ ነው። የገበሬ እናቶች የሕፃናቶቻቸውን ቆዳ በዚህ ያጥቡ ነበር የሚለው ታሪክ ከ1500ው ዓመት ይልቅ ለእውነት የቀረበ ይመስለኛል፤ በቤቱ ውስጥ ከሞላና ከለሰለሰ ነገር ሌላ እናት ምን ትፈልጋለች?

የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊያበቃ አሥር ዓመት ሲቀረው ጃፓን ለዓለም ገበያ በሯን ከፍታ የሚሸጥ ነገር ሁሉ ትፈልግ ነበር። የሉፋ እርሻ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ለውጭ ንግድ ይሠራ ጀመር፤ በሃማማትሱ አካባቢ የደረቀውና የነጣው መረብ በመርከብ እየተጫነ አውሮፓና አሜሪካ ይወርድ ነበር። የምዕራቡ ዓለም መታጠቢያ ክፍል ሉፋን ያወቀው በብዛት በዚህ መንገድ ነው። ከገላ ማሻነት ሌላ ጫማ ውስጥ የሚነጠፍ፣ ባርኔጣ ውስጥ የሚገባ፣ የመርከብ ሞተር ውሃና ዘይት የሚያጣራ ሆነ።

በዚሁ ዘመን ቶኪዮ ውስጥ ኔጊሺ በሚባል ሰፈር አንድ ወጣት ባለቅኔ በሳንባ ነቀርሳ በሽታ አልጋ ላይ ነበር። ማሳኦካ ሺኪ የጃፓንን አጭር ግጥም ያደሰ ሰው ነው። በሽታው አከርካሪውን ይዞታል፤ ለዓመታት ከአልጋው መነሣት ተስኖታል። በመስኮቱ ፊት የሉፋ ዳስ ተሠርቶ ነበር፤ ጥላው ለሙቀት፣ ውሃው ለአክታ። ሺኪ በሴፕቴምበር 18 ቀን 1902 ወረቀት በሰሌዳ ላይ ተደግፎለት ሦስት ግጥም ጻፈ፤ ሦስቱም ስለ ሉፋና ስለ ውሃው ናቸው። በዚያው ሌሊት፣ ሳይነጋ ሞተ፤ ሠላሳ አምስት ዓመት አልሞላውም። ጃፓናውያን የሙት ዓመቱን ቀን በሉፋ ስም ጠርተው እስከ ዛሬ ያስቡታል፤ ቤቱም ሙዚየም ሆኖ ዳሱ ላይ ሉፋ እየተተከለበት ይኖራል። ለቆንጆዎች ፊት የሚቀዳው ውሃ የሟች ጉሮሮ ማርጠቢያ እንደነበር የሚያስታውስ፣ እኔ የማውቀው፣ ከዚህ የበለጠ ቦታ የለም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ሁለቱም ተክሎች ዘመቱ።

የሉፋ ዕጣ ቀላሉ ነው። በፓሲፊክ ጦርነት አሜሪካ የጃፓን ሉፋ ቀረባት፤ ለመርከብ ሞተር ማጣሪያ ትፈልገው ስለነበር በላቲን አሜሪካ ለማስተከል ተሯሯጠች። የኮንጃኩ ግን ለማመን ያስቸግራል። የጃፓን ጦር በከፍተኛው ሰማይ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰውን ኃይለኛ ነፋስ ተጠቅሞ አሜሪካን በፊኛ ሊደበድብ አሰበ። ፊኛዎቹ ዐሥር ሜትር ያህል ስፋት ነበራቸው፤ የተሠሩት ከወረቀት ነው፤ በባህላዊ መንገድ ከዛፍ ልጣጭ ከተሠራ ስስ ወረቀት። ወረቀቱን ድርብ በድርብ የሚያጣብቀውና ጋዙ እንዳያመልጥ የሚደፍነው ሙጫ ከኮንጃክ ዱቄት የተሠራ ነበር። የጦሩ ፍላጎት ከባድ ስለነበር ኮንጃክ ከገበያ ጠፋ። ወረቀቱን የሚለጥፉት ተማሪ ልጃገረዶች ነበሩ፤ ቀኑን ሙሉ እጃቸውን ቀዝቃዛ ሙጫ ውስጥ እየነከሩ። ርሃቡ ብሶባቸው ሙጫውን ሰርቀው ይበሉት እንደነበር በኋላ ተናግረዋል።

ከኖቬምበር 1944 እስከ ኤፕሪል 1945 ወደ 9,300 የሚጠጉ ፊኛዎች ተለቀቁ። ከመልቀቂያ ሜዳዎቹ አንዱ በዚያው በኢባራኪ ባሕር ዳርቻ ነበር፤ የቶኤሞን አገር። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ሦስት መቶ ያህሉ ተገኙ፤ አብዛኛዎቹ ጉዳት አላደረሱም። ሜይ 5 ቀን 1945 ግን በኦሪገን ግዛት ብላይ በምትባል መንደር አቅራቢያ ለሽርሽር ጫካ የወጡ አንዲት ነፍሰ ጡር የፓስተር ሚስትና አምስት ልጆች ወድቆ ያገኙት ፊኛ ቦምቡ ፈንድቶባቸው ሞቱ። በዋናው የአሜሪካ ምድር በጦርነቱ ወቅት በጠላት ጥቃት የሞቱት እነሱ ብቻ ናቸው።

ከጦርነቱ በኋላ አብዛኛው ስፖንጅ ከፋብሪካ የሚወጣ ሆነ። መንገዱ ቀድሞም ተጠርጎ ነበር። በ1938 እና በ1939 የካሪቢያንን የባሕር ሰፍነግ ወረርሽኝ ፈጅቶታል፤ ጀርመናዊው ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ ደግሞ በ1937 የፖሊዩሪቴን ኬሚስትሪን አግኝተው ነበር። ርካሹ የፕላስቲክ ስፖንጅ ሉፋን ከመርከብም ከመታጠቢያ ቤትም አስወጣው። ጃፓን ውስጥ የኮንጃክ እርሻ ማዕከል ከኢባራኪ ወደ ጉንማ አውራጃ ዞረ፤ ዛሬ የአገሪቱ ኮንጃክ ከመቶ ዘጠና እጅ በላይ የሚበቅለው እዚያ ነው። በማሳ ላይ በውርጭ የሚያደርቁት ገበሬዎችም በጣት የሚቆጠሩ ሆኑ። ሙያው ግን ማቀዝቀዣ ባለው ፋብሪካ ተተካ፤ ዱቄቱ በውሃና በኖራ ረግቶ በቅርጽ ማውጫ ይበስላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይቀልጣል፣ ይጨመቃል፣ ይደርቃል። ሃያ የውርጭ ሌሊት ወደ አንድ ማሽን ገባ። ከዚያ የወጣው ግማሽ ክብ፣ ክር ያለው፣ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ የሚጠነክርና ደቂቃዎች ውሃ ውስጥ ሲቆይ እጥፍ አብጦ የሚለሰልስ የፊት ስፖንጅ ነው።

ይህ ስፖንጅ ለዓለም ከመታወቁ በፊት በአሜሪካ ሉፋ ተመልሶ ነበር። በ1970ዎቹና 80ዎቹ «ተፈጥሯዊ» የሚል ቃል ያለበት ሁሉ ይሸጥ ጀመር፤ የግብፅና የቻይና ሉፋም ገበያውን ያዘ። ከዚያ በ1993 የኒው ዮርኩ የማውንት ሳይናይ ሆስፒታል የረቂቅ ሕዋሳት ባለሙያ ኤድዋርድ ቦቶኔና ባልደረባው ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ በተባለ ባክቴሪያ የቆዳ ፀጉር ሥሮቿ የቆሰሉባትን ታማሚ ጉዳይ አሳተሙ፤ ያው ባክቴሪያ ከምትታጠብበት ሉፋ ላይ ተገኘ። በተከታዩ ዓመት ነገሩን በቤተ ሙከራ አጠኑት። ከባክቴሪያ የጸዳ ሉፋ ረጥቦ ጥቂት ባክቴሪያ ሲያገኝ ባክቴሪያው በብዛት ይራባበታል፤ የተጠላለፈው ጭረት ከሰው ቆዳ የተቀረፈውን የሞተ ሕዋስ ይዞ ያስቀራል፤ ይህም ለባክቴሪያ ቀለብ ነው፣ ርጥበቱ ደግሞ ቤት። የሰጡት ምክር ሉፋው እንዲደርቅና በየጊዜው በተበረዘ በረኪና እንዲጸዳ ነበር። ተፈጥሯዊ ነገር ንጹሕ ነው ብሎ ለሚያምን ሰው ይህ መራራ ዜና ነው፤ ባክቴሪያም ተፈጥሯዊ ነው።

የፊት ማጽጃ ኩባንያዎች በዚያ ወቅት ሌላ መፍትሔ ይዘው ነበር። በክሬሙ ውስጥ የፖሊኢትሊን ደቃቅ ዶቃዎችን አስገቡ። ዶቃዎቹ ቆዳን ያሻሉ፣ ታጥበው ይወርዳሉ፣ ከማጣሪያ አምልጠው ወንዝና ባሕር ይገባሉ። የአሜሪካ ምክር ቤት ያጸደቀውን የእገዳ ሕግ ፕሬዚዳንት ኦባማ በዲሴምበር 28 ቀን 2015 ፈረሙበት፤ ከጁላይ 2017 ጀምሮ እንዲህ ያለ ታጥቦ የሚወርድ መዋቢያ ማምረት ተከለከለ። ብሪታንያም በ2018 ተከተለች። ኮንጃክ ስፖንጅ በኮሪያ የቆዳ እንክብካቤ ፋሽን ጀርባ ላይ ታዝሎ ምዕራብ የገባው በነዚሁ ዓመታት ነው፤ ዶቃው ሲወጣ ቦታው ተከፍቶለት አገኘ። ነጩ ብቻውን አልበቃ ብሎ የቀርከሃ ከሰል የተቀላቀለበት ጥቁሩ፣ ሸክላ አፈር የተቀላቀለበት ቀዩና አረንጓዴው መጣ። ዛሬ ዱቄቱን በብዛት የምታመርተው ቻይና ናት፤ በአሜሪካም ሆነ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን በየመዋቢያ ሱቁ ተሰቅሎ ያዩታል።

ታዲያ ይሠራል? ፊትን በማጠብ ረገድ ይሠራል። ከመለስተኛ ማጽጃ ጋር ቆዳን በእርጋታ ያጸዳል፤ የደረቀውን የሞተ ቆዳ ሳይጭር ያነሣል። ፋብሪካው በፓኮው ላይ እንደሚለው ብጉር ያድናል፣ መርዝ ያወጣል፣ የቆዳን አሲድነት ያስተካክላል የሚለውን ግን ከመግዛትዎ በፊት ይለፉት፤ ከሰሉም ቢሆን ከቀለምነት የዘለለ ሥራ እንደሚሠራ የሚያሳምን ማስረጃ አላየሁም። ቆዳዎ የቆሰለ፣ የተቆጣ ወይም በቆዳ ሐኪም ክትትል ላይ ያለ ከሆነ ምንም ስፖንጅ አያስፈልገውም፤ እጅዎ ይበቃል።

ከገዙት ደግሞ እንዲህ ያድርጉ። ሳይርስ ፊትዎን አይንኩበት፤ ደረቁ ያቆስላል። ከታጠቡ በኋላ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁትና በሁለት መዳፍ መካከል ይጫኑት፤ እንደ ጨርቅ ከጠመዘዙት ይቀደዳል። በክሩ አንጠልጥለው አየር የሚያገኝበት ቦታ ያድርቁት፤ ሻወር ውስጥ አይተዉት። ለሌላ ሰው አያውሱት። ከወር እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይለውጡት፤ ከሸተተ ወይም መበጣጠስ ከጀመረ ግን ቀኑን አይጠብቁ። ሉፋውን ለጀርባዎና ለተረከዝዎ ያስቀሩት፤ እሱንም ቢሆን አድርቀው።